ዓይኔን ስጨፍን ለምን እንደምወድቅ

ይህን የምጽፈው እግራቸው እየደነዘዘ ለማንም ያልተናገሩ ሴቶች እንዲያነቡት ነው፤ በተለይ ባል የሞተባቸው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ምንም ቢያማት «ሐዘን ነው» ትባላለች። እኔም መጀመሪያ ሐዘን ተባልኩ። ቀጥሎ ብርድ ተባልኩ፣ ቀጥሎ ደም ማነስ፣ ቀጥሎ ዲስክ። በመጨረሻ የተባልኩትን ግን ዛሬም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። የምጽፈውም በጣም ቀስ ብዬ ነው። ጣቶቼ እስክሪብቶውን መያዛቸውን ለማወቅ ዓይኔ እነሱ ላይ መሆን አለበት።

ባለቤቴ ግርማና እኔ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ ነበረን። ናይሮቢ የመጣነው አንዲቷ ልጃችን ቤዛ አፍ ሳትፈታ ነው። ያመጣችን የግርማ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ ናት፤ እዚያው ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ግርማ ኩላሊቱን ታሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ሲያሳጥብ ዓመታት አለፉ። እኔ ደግሞ እሱ እስኪድን ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም ላልቀምስ ተሳልኩ። እሱ አልዳነም። ሲሞትም ስለቴን አልተውኩም፤ እስከ ሙት ዓመቱ ለነፍሱ ይሁንለት ብዬ ቀጠልኩ። ማንም አላስገደደኝም። በዚያ ላይ ጨጓራዬ ያቃጥለኝ ስለነበር በየጠዋቱ ኪኒን የምውጥ ሰው ነበርኩ፤ ስንት ዓመት እንደዋጥኩት እኔም አላውቅም። እሱን ለመግዛት ሐኪም አያስፈልግም። ለመድኃኒት ቤቱ ልጅ ባዶ ማሸጊያውን ታሳዩታላችሁ፣ ሌላ ይሰጣችኋል። ያዩኝ ሐኪሞች ሁሉ የት እንደሚያመኝ ጠይቀውኛል። ምን እንደምበላና ምን እንደምውጥ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሕመሙ የጀመረው ለቀስተኛ ቤት ሳለ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ጫፍ ጀምረው ነዘሩኝ። ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር፤ ወፍራም፣ የረጠበ ካልሲ። ለእትዬ ወርቄ ነገርኳት።

«ፍራሽ ላይ ተኮራምተሽ ከርመሽ ምን ልትሆኚ ኖሯል?» አለችኝ። «ብርድ ገብቶብሽ ነው። አምጪው እስቲ።»

እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሞቀ ዘይት አሸችልኝ። ወንድሟ የሞተባት ሴት ተቀምጣ የኔን እግር ታሽ ነበር። ክፉ ሰው እንዳልነበረች መጻፍ አለብኝ፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው።

ሰው ተበትኖ ወደ ሱቅ ስመለስ ነገሩ ባሰ። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ወደ ማታቱው፣ ወደ ሚኒባስ ታክሲው፣ ስሄድ አንድ ካልሲ ሻጭ እየሳቀ ከኋላዬ ሮጦ መጣና «ማማ፣ ኪያቱ ቻኮ» አለኝ፤ ጫማሽ ማለቱ ነው። አንዱ ጫማዬ እጁ ላይ ነበር። ወደታች ሳይ ባዶ እግሬ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። መቼ እንደወለቀ አላወቅሁም። ጭቃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላወቅሁም። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን በሩን ዘግቼ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ኢስትሊ ነበር። ወንበሩ ጠባብ ስለሆነ ሰው በተጠራ ቁጥር ሁላችንም አንድ አንድ ቦታ እንጠጋለን። ሐኪሙ ጥቁር ልብሴን አይቶ ሲያበቃ ፊቴን አየ። ቤዛ «እግሯ ነው የደነዘዘው» ብላ ስታስተካክለው አልሰማም፤ የባሌ ሐዘን መሆኑን እሱ ቀድሞ ደምድሟል። የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ። ተኛሁ። እግሬ ግን ደንዝዞ ተኛ፣ ደንዝዞ ነቃ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ደሜን መረመረና ደም ማነስ አለ። ደም ማነሱ እውነት ነበር። የብረት ኪኒንና ፎሊክ የሚባል ሌላ ቪታሚን ሰጡኝ። ፊቴ ቀላ፤ እትዬ ወርቄም ጎረቤቶችም «አሁን ሰው መሰልሽ» አሉኝ። እነሱ እንዲህ ሲሉኝ መደንዘዙ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። በኋላ እንደተነገረኝ ያ ፎሊክ ደሜን አስተካክሎ ዋናውን ችግር ሸፍኖታል። ደሜ ጥሩ ስለሆነ ማንም ወደዚያ ተመልሶ አላየም፤ ነርቬ ግን ከስር እየተበላ ነበር።

ሦስተኛው ፓርክላንድስ የሚባል የሀብታም ሰፈር ነው፣ ወለሉ የሚያበራ፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራበት። ወገቤን በትልቅ ማሽን አነሱኝ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ወገቡ ቢነሳ የሆነ ነገር አይጠፋበትም። ዲስክ ነው ተባልኩ፤ የወገብ ቀበቶ ተሸጠልኝ። ግርማ ሲሞት በቤታችን የተረፈ ነገር ስላልነበረ ይህን ሁሉ የከፈለችው ቤዛ ናት። አንድ ጊዜም አላነሳችብኝም። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ወደ ሥራ ስትወጣ ግን አይ ነበር።

ከዚያ እጄ ተከተለ። ደንበኛ «ይሄ ከፋይ ነው ጥጥ?» ብላ ስትጠይቀኝ በዕድሜዬ ሁሉ ሳላይ በጣቴ የማውቀውን ጨርቅ ቀርቤ አይቼ መመለስ ጀመርኩ። መቀሱ ከእጄ ይወድቃል። ምላሴ ቆስሎ በርበሬ ያቃጥለኛል፤ እሱን ለጨጓራዬ ሰጥቼ አንድ ኪኒን እጨምራለሁ። አንገቴን ጎንበስ ሳደርግ ደግሞ ከማጅራቴ እስከ ጭራ አጥንቴ ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን ስጨፍን ሰውነቴ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ግንባሬን ከመታጠቢያው ጋር አጋጨሁት። ሳሙና አዳልጦኝ ነው ብዬ ለቤዛ ዋሸኋት።

እንግዲህ አስቡት። ዓይኗን ስትጨፍን የምትወድቅ፣ አንገቷን ስትደፋ የምትጮህ ሴት የት ቦታ ትጋለጣለች? ቤተ ክርስቲያን።

ቅዳሴ ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የግርማን ስም በልቤ ስጠራ ወለሉ ከሥሬ ሄደ። «ስነቃ» አልልም፤ ራሴን አልሳትኩም ነበርና። ወድቄ ከመሬት ሆኜ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲሸሹኝ አየሁ። በሚቀጥለው እሑድ ለመስገድ ጎንበስ ስል ያ ኤሌክትሪክ መጣና ሳላስበው ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ከጎኔ መቆም ተወ።

እትዬ ወርቄ በሦስተኛው ቀን ሱቅ መጣች። ወንበር ስቤ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ሙሉ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ እትዬ?»

«ዓይነ ጥላው።»

ለማያውቀው፦ ዓይነ ጥላ የሚሉት በሴት ላይ አድሮ ትዳሯን ያፈርሳል፣ ባሏን ይበላል የሚባለውን መንፈስ ነው። ምን እንዳለችኝ ገብቶኛል። ወንድሜን የገደልሽው አንቺ ነሽ ለማለት ከዚህ የለሰለሰ ቃል በቋንቋችን የለም። ግርማን ሦስት ዓመት ያጠብኩት፣ ውሃ እንኳ ተለክቶለት ሲጠማ ከንፈሩን በርጥብ ጨርቅ ያራስኩለት እኔ ነኝ። ቆሜ መልስ ለመስጠት መደርደሪያውን መያዝ ነበረብኝ፤ እሷም መያዜን እያየች ነበር።

የወሰደችኝ ወደ ካህን አልነበረም። ኢስትሊ ውስጥ ከሥሩ የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቶ «አጠምቃለሁ» የሚል አንድ ሰው ነበር። ደረጃውን በእጄ እየዳበስኩ ወጣሁ። ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ፣ ወደቅሁ።

«አያችሁ» አለ።

አነሱኝ። መዳፉን ማጅራቴ ላይ አድርጎ አንገቴን ወደ ደረቴ ደፈቀው። ኤሌክትሪኩ ወረደ። ጮህኩ።

«ስምህን ተናገር። መቼ ያዝካት?»

እንደገና ደፈቀኝ፤ እንደገና ጮህኩ። እትዬ ወርቄ ከጎኔ ተንበርክካ ታለቅሳለች። «ግርማን የበላኸው አንተ ነህ? ወንድሜን አንተ ነህ የበላኸው?» ትላለች። ለኔ ሳይሆን በኔ ውስጥ ላለው ነው የምታወራው። ሰውየው እጁን ሲያነሳ ሕመሙ እንደሚቆም ተረድቻለሁ። ምን ብል እጁን እንደሚያነሳም ተረድቻለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በሰው ፊት፣ በገዛ አፌ። እጁን አነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ቤት ስደርስ ቤዛ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከሴቶቹ አንዷ በቪዲዮ ቀርጻው ኖሮ ከኔ ቀድሞ ደርሷል።

«ማሚ፣ ምንድነው ይሄ?» አለችኝ። ልመልስላት ስል አፌን በእጇ ያዘችው። «ኖ። አትንገሪኝ። ባባን የገደለው ኩላሊቱ ነው፤ አይ ዋዝ ዜር። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

በሳምንቱ እትዬ ወርቄ ቲኬት ቆርጣ መጣች። አገር ቤት ሄጄ ጠበል ቦታ ልቀመጥ ነው፤ ስድስት ወርም ዓመትም፣ እስኪለቀኝ። ሱቁን እሷ ታየዋለች። ምን ነበር የሚጠብቀኝ? በዚያን ጊዜ ግድግዳ ይዤ እራመዳለሁ። አንድ ዓመት እዚያ ብቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ተኝቼ ነበር፣ ከጻፍኩም። ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም። እውነቱን ልናገር፣ ለመሄድ ተዘጋጅቼ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልሽ፣ ሰውነትሽም ከእነሱ ጋር ሲያብርብሽ፣ ማንን ትይዣለሽ?

«አክስቴ፣ ቲኬቱን ፖስትፖን አድርጊው፣ ጀስት ዋን ዊክ» አለቻት ቤዛ።

«በአማርኛ አውሪኝ።»

«በአማርኛ እምቢ ነው።»

እትዬ ወርቄ ወደኔ ዞረች። «ልጅሽ አፏን ያለ ልክ ከፈተች።»

«ልጄ አማርኛዋ ተሻሽሏል» አልኩ። ለብዙ ጊዜ የተናገርኩት ብቸኛ ቀልድ እሱ ነበር። ሳምንት ተሰጠኝ።

ቤዛ የመንግሥት ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ወሰደችኝ። ጠዋት ጨለማው ሳይገፈፍ ደርሰን ከቀትር በኋላ ድረስ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከጎኔ የነበረች አንዲት ኬንያዊት አሮጊት የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ልቋጥረው ስታገል አየችኝ። ጎንበስ ብላ አሰረችልኝ፤ ከዚያ ወደ ራሷ ሐሳብ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን ከወደቅሁ ወዲህ ሳይመረምረኝ ወይም ሳያጠምቀኝ የነካኝ ሰው ከልጄ ሌላ እሷ ናት።

ዶክተሯ በቤዛ ዕድሜ ትሆናለች። ወረቀቶቼን ገፋ አደረገቻቸውና ጫማዬን እንዳወልቅ ጠየቀችኝ። ሹካ የሚመስል ብረት መትታ እያስተጋባ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አቆመችው።

«ይሰማሻል?»

«ብረቱ ነክቶኛል።»

«መንቀጥቀጡስ?»

«አይንቀጠቀጥም» አልኩ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ይጮሃል።

አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ላይ ነው ወደ ታች ያዞርኩት እያለች ጠየቀችኝ፤ እንዳላይ በወረቀት ጋርዳ። ገመትኩ። ቤዛ በወረቀቱ ማዶ የምታየውን እያየች ፊቷ ሲለወጥ ገባኝ። የራሴ ጣት የት እንዳለ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ተነሺ አለችኝ። ሁለት እግርሽን ገጥመሽ ቁሚ። ቆምኩ። «ፉንጋ ማቾ፣ ማማ።» ዓይንሽን ጨፍኚ።

«ሲታኪ» አልኩ። አልፈልግም።

«ለምን?»

ቤዛን አየኋት። ቤዛ ሁሉንም ነገረቻት፣ በእንግሊዝኛ፣ ፈጣን ፈጣን አድርጋ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባባ፣ «እኔ ነኝ» ስላልኩት። ዶክተሯ አልሳቀችም። ራሷንም አልነቀነቀችም። ወንበሯን ገፍታ ከኋላዬ መጣችና ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«እንደምትወድቂ አውቃለሁ» አለችኝ። «ስትወድቂ እይዝሻለሁ። ምን ያህል እንደምትወድቂ ማየት ስላለብኝ ነው።»

ጨፈንኩ። ወደቅሁ። ያዘችኝ። ቀጭን ሴት ናት፤ ትንሽ ተንገዳገደች።

«ምንድን ነው በውስጤ ያለው?» አልኳት።

«የገባ ነገር የለም ማማ። የጎደለ ነገር አለ» አለችኝ። ከዚያ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ምን እንደምውጥም።

የነገረችኝን እኔ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንት መሃል የሚወርድ የጣት ውፍረት ያለው ገመድ አለ፤ ሕብለ ሰረሰር ይሉታል። ከእሱ ወደ እጅ፣ ወደ እግር፣ ወደ ቆዳ የሚበተኑት ቅርንጫፎች ነርቮች ናቸው። በእነዚህ ላይ ሁለት ነገር ይመላለሳል። ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፦ እግር ሆይ ተነሺ። ወሬ ከታች ይወጣል፦ እግርሽ እዚህ አለች፣ መሬቱ ቀዝቅዟል፣ ጫማሽ ወልቋል። የኔ ትእዛዝ ገና ይወርድ ነበር፤ ርገጪ ስባል እረግጣለሁ። የማይመጣው ወሬው ነው። ያ ወሬ የሚወጣው በገመዱ የኋላ ክፍል ነው፤ የታመመውም እሱ ነበር።

ሰው ቆሞ እንዳይወድቅ ደግሞ ሦስት ወሬ ነጋሪ አለው፦ ዓይኑ፣ በጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛንና የእግሩ ወሬ። አንዱ ቢጎድል በሁለቱ ይቆማል። የኔ እግር ዝም ስላለ ዓይኔ የእሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ብቻዋን የቀረችው የጆሮዬ ሚዛን አልቻለችኝም። ይኸው ነው። ቅዳሴ ላይ የጣለኝ፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን የሰበሰቡለት ነገር ይኸው ነው።

እያንዳንዱ ነርቭ ደግሞ ሽፋን አለው። እኔ መጋረጃ ሻጭ ስለሆንኩ ገበር ብዬ ነው የያዝኩት። ገበሩ ያለቀ መጋረጃ ፀሐይ ይበላዋል፤ ገበሩ ያለቀ ነርቭም ወሬው መንገድ ላይ ይቀርበታል፣ አንገት ሲደፋ ደግሞ ያለ ቦታው ይነዝራል። ያንን ገበር ሰውነታችን የሚጠብቀው ቢ ቱዌልቭ በሚባል ቪታሚን ነው። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ስለቴ ያንን ዘጋው። ጥቂት የተረፈውን ከምግብ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። ኪኒኔ ያንን ዘጋው። የሚጾም ሁሉ፣ የጨጓራ ኪኒን የሚውጥ ሁሉ እንዲህ አይሆንም አለችኝ። እኔ ግን ሁለቱንም በሮች ለዓመታት ዘግቼ ተቀምጫለሁ። የደም ምርመራው ሲመጣ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር።

መድኃኒቱ መርፌ ነው። ርካሽ መርፌ። ከፓርክላንድሱ ቀበቶ ይረክሳል። ይህን ሳውቅ ያለቀስኩትን ያህል ለግርማም በአንድ ጊዜ አላለቀስኩም።

ስለቴን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ካህን ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጡ ናቸው።

«ሕመምተኛ ይጹም ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። «ተፈትተሻል። ዛሬ ማታ እንቁላል ብዪ።»

«ጠበሉስ አባ?»

«ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌውንም ተወጊ። ሁለቱ አይጣሉም፣ እናንተ ናችሁ የምታጣሏቸው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ፎቅ ላይ ያለው ግን ከኛ አይደለም። ማንም ቢልክሽ ወደዚያ አትመለሺ።»

ይህንን ወደ ፎቁ ከመውጣቴ በፊት፣ በእሑዱ፣ በአውደ ምሕረቱ ላይ ቢናገሩት ምን ነበረበት? አልጠየቅኋቸውም። ቅር ግን ብሎኛል፤ ዛሬም ይለኛል።

መዳን እንደምታስቡት አይደለም። መርፌው መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሆነ፤ አሁን በየወሩ ነው፣ እስክሞት። ነርቭ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያመጣው እሳት ነው። እግሬ እንደ ተጠበሰ ተቃጠለ። ሌሊት አንሶላ ሲነካኝ እጮህ ነበር፤ ቤዛ መጥታ ከአልጋው ግርጌ ካርቶን አቁማ አንሶላውን ከእግሬ አራቀችልኝ። በሆስፒታሉ ኮሪደር የግድግዳውን መደገፊያ ብረት ይዤ፣ እግሬን በዓይኔ እየመራሁ፣ እንደ ሕፃን መራመድ ተማርኩ። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ። ጫማዬን ላመጣ ስል ቆም አልኩ። ቀዘቀዘኝ። ልጄን ጠርቼ «ቤዛ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አልኳት። እሷም ጫማዋን አውልቃ ከጎኔ ቆመች፤ ሥራ እስኪረፍድባት ቆምን።

የተመለሰው ግን ሁሉ አይደለም። የቀኝ እግሬ ጣቶች አልተመለሱም። ጨርቅ በጣቴ መለየት አልቻልኩም። መብራት ሲጠፋ ባለሁበት ቁጭ እላለሁ፣ እስኪመጣ። ዶክተሯን «ይመለሳል?» ስላት ቀጥ ብላ አየችኝና ብዙ የቆየው አይመለስም አለችኝ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ የቀረ ጊዜ መጥቼ ቢሆን ኖሮስ? «ያኔ ሙሉ በሙሉ፣ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። «ፖሌ ሳና።» በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው። ይቅርታ የመሰለ ነገር ከሐኪም የሰማሁት ከሷ ብቻ ነው፣ ያውም ምንም ካላጠፋችው።

የግርማ ሙት ዓመት የተደረገው በእትዬ ወርቄ ምግብ ቤት ነው። ሰው ሞልቷል። በእግሬ ስገባ፣ ቤዛ ከጎኔ ብትኖርም ሳልይዛት፣ ጫጫታው ቀነሰ። እትዬ ወርቄ ከማድቤቱ እጇን በፎጣ እያበሰች ወጣች። አቀፈችኝ። አጥብቃ አቀፈችኝ። ለአንድ አፍታ እግሬን ስታሽ የነበረችው ሴት መሰለችኝ።

«እንኳን ለቀቀሽ» አለችኝ፣ ሰው እየሰማ። «አንቺን አልቀየምኩም ሙሉዬ። የበላው እሱ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ። ይኸው ለቀቀሽ፣ ይኸው ሄድሽ በእግርሽ። እኔም ይቅር ብያለሁ።»

ሴቶቹ «እሰይ» አሉ። አንዷ እንባዋን ጠረገች።

ቆሜ አሰብኩ። መዳኔ ማስረጃ ሆኖላት ነበር። በሄድኩ ቁጥር፣ በቆምኩ ቁጥር፣ ያ መንፈስ እንደነበረና ወንድሟን እንደበላው እየመሰከርኩላት ነው። ይቅር የተባልኩት ላልሠራሁት ነገር ነው፤ አሜን ብል ግርማን ገድያለሁ ማለት ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ አንገቴን ማንም ሳይደፍቀው።

«እትዬ፣ ምን ለቀቀኝ?» አልኳት።

«ያው… ስትጨፍኚ የሚጥልሽ ነዋ።»

«ቤዛ፣ ከኋላዬ ቁሚ» አልኩ።

እግሬን ገጠምኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ፤ ከዚያ ያው የማውቀው መሄድ መጣና ወደ ኋላ ሄድኩ። ቤዛ ያዘችኝ። ዓይኔን ገለጥኩ፣ ተመልሼ ቆምኩ።

«ዛሬም እወድቃለሁ እትዬ» አልኳት። «ነገም እወድቃለሁ። የወጣልኝም የገባብኝም የለም። ነርቬ ነው የተጎዳው፤ ቪታሚን አጥቼ። ግርማን ኩላሊቱ ነው የገደለው። እኔ አጥቤዋለሁ፣ አብልቼዋለሁ፣ ዓይኑንም የከደንኩለት እኔ ነኝ።»

የእትዬ ወርቄ ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ የምታዝንልኝ ከልቧ ነበር።

«እንግዲያው ገና አልለቀቀሽማ» አለች።

ዳቦው ይቆረስ ተባለ፣ ተቆረሰ። እኔና ቤዛ ጸሎቱ ሲያልቅ ወጣን፤ በማታቱው ውስጥ ትከሻዋን ሰጠችኝ።

ከእትዬ ወርቄ ጋር ያለውን ነገር ተውኩት። እሷን ለማሳመን የቀረኝ ማስረጃ የለም፤ ያለኝን ሁሉ ፊቷ ላይ ወድቄበታለሁ። እናንተን ግን ልለምናችሁ። ሁለቱም እግራችሁ ከጣት ጀምሮ ከደነዘዘ፣ ጫማችሁ ሳታውቁት ከወለቀ፣ ፊታችሁን ስትታጠቡ ከተንገዳገዳችሁ፣ የምታምኑትን ሰው ከኋላ አቁማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከተንገዳገዳችሁ ወደ ነርቭ ሐኪም ሂዱ። የምትበሉትንና የምትውጡትን ሁሉ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የጨጓራ ኪኒኑንም፣ ጾሙንም። ደማችሁ ላይ ቢ ቱዌልቭ እንዲታይ ጠይቁ። ሐዘን ነው ካሏችሁ፣ ሐዘንም አለብኝ፣ እግሬም ደንዝዟል በሏቸው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

የግርማን ሐዘን በወጉ አልተቀመጥኩም። ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር፤ ካለቀስኩ እሱ ነው የሚያለቅሰው፣ ዝም ካልኩ እሱ ነው ዝም ያለው ይባል ነበር። ሰው ጥቁሩን አውጪ ይለኛል አሁን፣ ዓመቱ አልፏል ይለኛል። አላወጣሁም። ለባሌ ማልቀስ የጀመርኩት ገና አሁን ነው።